የአገርን ገንዘብ ለሕግ ያስገዙት አሚር

በኩዌት ከተማ መሐል፣ ከሚኒስቴሮች ሕንፃ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚሰባሰቡበት መናኸሪያ አለ። ስሙ ማሊያ ነው። ቃሉ በዐረብኛ የገንዘብን ጉዳይ ያመለክታል፤ የገንዘብ ሚኒስቴርም በዚያው አካባቢ ይገኛል። ከሳልሚያ፣ ከሐወሊ፣ ከፈርዋኒያ ወይም ከፋሃሂል ተሳፍሮ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ጥቂት ፊልስ ከፍሎ ወንበር ይይዛል። የከፈለው ግን የጉዞውን ዋጋ በሙሉ አይደለም። አውቶቡሱ የሚሽከረከርበት አስፋልት፣ የሚያልፍበት ድልድይ፣ የሚቆምበት ፌርማታ ሁሉ የአገር ሀብት የፈሰሰባቸው ናቸው።

ያ ሀብት በማን ፈቃድ ይወጣል? ማንስ ይቆጣጠረዋል? ለሕዝብ የሚሰጥ አገልግሎት ለማን፣ ለስንት ዘመንና በምን ሥርዓት ይተላለፋል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በኩዌት ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር እጅግ የተሳሰረ ነው። እኚህ ሰው ከ1950 እስከ 1965 አገሪቱን ያስተዳደሩት ሼክ አብዱላህ አል-ሳሊም አል-ሳባህ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል)። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 25 ቀን የሚከበረው ብሔራዊ በዓል እሳቸው ሥልጣን የያዙበት ዕለት መታሰቢያ ነው። ኩዌት ነፃነቷን ያገኘችው ጁን 19 ቀን ቢሆንም፣ ሁለቱ ክብረ በዓላት ተጣምረው በእሳቸው የሹመት ቀን እንዲከበሩ ተደርጓል።

ከግንቡ በስተ ውስጥ

ሼክ አብዱላህ በ1895 ተወለዱ። አያታቸው ሼክ ሙባረክ በቀጣዩ ዓመት ሥልጣን ይዘው እስከ 1915 የገዙ፣ በ1899ም ከብሪታንያ ጋር ስምምነት የተፈራረሙ መሪ ነበሩ። የሼክ አብዱላህ የልጅነት ዘመን ኩዌት በባሕረ ሰላጤው ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ኑሮዋ በዕንቍ ጠላቂዎች፣ በመርከብ ሠሪዎችና እስከ ሕንድና ምሥራቅ አፍሪካ በሚቀዝፉ ነጋዴዎች ላይ የቆመ ነበር። የሚጠጣው ውኃ እንኳ ከሻት አል-ዐረብ በጀልባ እየተጫነ ይመጣላት ነበር። ቤቶቿ ተጠጋግተው የተሠሩ፣ መንገዶቿም ጠባብ በመሆናቸው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእግር መድረስ ይቻል ነበር። ትራንስፖርት የሚባል የመንግሥት ጉዳይ አልነበረም።

አባታቸው ሼክ ሳሊም በ1917 አገሪቱን መምራት ጀመሩ። በ1920 ከነጅድ በኩል የኢኽዋን ተዋጊዎች ሲያሰጓት የከተማዋ ሕዝብ ተረባርቦ በጥቂት ወራት ውስጥ ርዝመቱ ከ6 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የጭቃ ግንብ ሠራ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በጃህራ ከባድ ውጊያ ሆነ፤ ከተማዋም ተረፈች። ግንቡ ከተማዋን ከበረሃው የሚለይ ድንበር ሆኖ ቆመ፤ መግቢያና መውጫውም በሮቹ ብቻ ነበሩ። ከ37 ዓመት በኋላ ይህን የአባታቸውን ዘመን ግንብ የሚያፈርሰው የልጃቸው አስተዳደር መሆኑን በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

ሼክ ሳሊም በ1921 ሲያርፉ ለመሪነት ከታጩት መካከል ወጣቱ ሼክ አብዱላህ ይገኙበት ነበር። ሥልጣኑ ግን ለአጎታቸው ልጅ ለሼክ አሕመድ አል-ጃቢር ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ሼክ አብዱላህ የአሚርነቱን መንበር ለመያዝ 29 ዓመታት መጠበቅ ነበረባቸው። በነዚያ ዓመታት ያዩትና የተማሩት በኋላ ላደረጉት ሁሉ መሠረት ሆነ።

የ1938ቱ ትምህርት

በ1930ዎቹ ኩዌት ክፉ ዘመን ገጠማት። የዓለም ኢኮኖሚ ተናግቶ፣ በጃፓን በሰው ጥበብ የሚመረተው ዕንቍም ገበያውን አጥለቅልቆት የዕንቍ ንግዷ ወደቀ። በዚህ መካከል በ1934 መጨረሻ የነዳጅ ፍለጋና ማውጣት መብት ለ75 ዓመታት ለኩዌት የነዳጅ ኩባንያ ተሰጠ። ኩባንያው የብሪታንያና የአሜሪካ ባለሀብቶች የጋራ ንብረት ነበር። ውሉን የተፈራረሙት ሼክ አሕመድና ኩባንያው ሲሆኑ፣ ክፍያውም ለሼኩ የሚገባ ነበር። በ1938 ፌብሩዋሪ ወር በቡርጋን ነዳጅ ተገኘ። ነጋዴዎቹ ቀረጥ እየከፈሉ፣ ከተማዋ ትምህርት ቤትና ሐኪም እያጣች፣ የአገሪቱ ሀብት ያለ ሕዝብ ምክር መተላለፉ ቅሬታ አሳደረ።

በዚያው ዓመት ታላላቅ ቤተሰቦች የመረጧቸው 14 አባላት ያሉት የሕግ አውጪ ምክር ቤት ተቋቋመ። ፕሬዚዳንቱ ሼክ አብዱላህ አል-ሳሊም ሆኑ። የገዢው ቤተሰብ አባል ሆነው የገዢውን ሥልጣን የሚገድብ ጉባኤ መምራታቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ምክር ቤቱ በጁላይ ወር ባጸደቀው አጭር መሠረታዊ ሕግ፣ የመንግሥት ገቢና ወጪ፣ ፍርድ፣ ጸጥታና ትምህርት በእሱ ሥር እንዲሆኑ ደነገገ። የአገርን ሀብት ወይም የንግድ ብቸኛ መብት አሳልፎ የሚሰጥ ማንኛውም ውል ያለ ምክር ቤቱ ስምምነት እንዳይጸናም አደረገ። ከባድ ቀረጦችን ሰረዘ፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዘዋቸው የነበሩ የንግድ መብቶችንም ሻረ።

ነገሩ የተበላሸው ጉባኤው የነዳጅ ኩባንያው ክፍያ ለራሱ ገቢ እንዲሆን በጠየቀ ጊዜ ነው። ሼክ አሕመድ በዲሴምበር 1938 ምክር ቤቱን በተኑ። ተተክቶ የተመረጠው ሁለተኛው ምክር ቤትም በማርች 1939 ተዘጋ፤ ደም ፈሰሰ፣ ከአባላቱም የታሰሩና የተሰደዱ ነበሩ። የመጀመሪያው ጉባኤ ዕድሜ ስድስት ወር ያህል ብቻ ነበር።

ሼክ አብዱላህ ከአጎታቸው ልጅ ጋር በፍጹም አልተቆራረጡም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ የፋይናንስ ሥራውን እንዲመሩ ተደረገ። ምግብና ጨርቅ በራሽን በሚታደልበት በዚያ የችግር ወቅት የሕዝብን ድርሻ በእኩል የማድረስን ጣጣ በቅርብ አዩት። በምክር ቤቱ ፕሬዚዳንትነታቸው የጠየቁትን ሒሳብ፣ አሁን ራሳቸው የሚያቀርቡት ሰው ሆኑ።

ከተማዋ ከግንቧ ስትወጣ

ጦርነቱ አብቅቶ በጁን 1946 የመጀመሪያው የኩዌት ድፍድፍ ነዳጅ በመርከብ ተጫነ። ሼክ አሕመድ በጃንዋሪ 1950 ሲያርፉ ሼክ አብዱላህ በፌብሩዋሪ 25 ቀን ሥልጣኑን ተረከቡ፤ ያኔ ዕድሜያቸው 55 ዓመት ገደማ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ከነዳጅ ኩባንያው ጋር የነበረው ውል ተሻሽሎ ትርፉ እኩል ለእኩል እንዲከፈል ተስማሙ። የአገሪቱ ገቢ በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ አደገ። ጥቂት ሰዎች የሚያውቁት አንድ የሒሳብ መዝገብ ይበቃው የነበረ አስተዳደር፣ በድንገት የአንድ ትልቅ መንግሥትን ያህል ገንዘብ ያዘ።

አሚሩ ገንዘቡን ለሕዝብ አገልግሎት ለማዋል ቆርጠው ተነሡ። በ1953 የባሕር ውኃን የሚያጣራ ጣቢያ በሹወይኽ ሥራ ጀመረ፤ ውኃ ከሻት አል-ዐረብ በጀልባ መጠበቅ ቀረ። ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች ተከፈቱ። በዚያው ዓመት ከገቢው የተረፈው ለመጪው ትውልድ እንዲቀመጥ የኩዌት የኢንቨስትመንት ቦርድ በለንደን ተቋቋመ። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የመንግሥት የሀብት ፈንዶች አንዱ የሆነው ተቋም መነሻ ይኸው ነው።

ለትራንስፖርት ታሪክ ዋናው ግን የከተማዋ ፕላን ነበር። ሚኖፕሪዮ፣ ስፔንስሊና ማክፋርሌን የተባሉ የብሪታንያ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ያዘጋጁት ፕላን ከ1952 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በፕላኑ መሠረት አሮጌዋ ከተማ የንግድና የመንግሥት ሥራ ማእከል ትሆናለች፤ ነዋሪው ከግንቡ ውጭ በሚሠሩ አዳዲስ ሰፈሮች ይሰፍራል። እያንዳንዱ ሰፈር ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ክሊኒክና ገበያ በመሐሉ ይኖረዋል። ሰፈሮቹን ከከተማዋ ጋር የሚያያይዙት ከመሐል ወደ ውጭ የሚወጡ ቀጥታ መንገዶችና እነሱን እየቆረጡ የሚዞሩ የቀለበት መንገዶች ናቸው። ዛሬ ማንኛውም የኩዌት ነዋሪ አድራሻ ሲናገር አራተኛው ቀለበት፣ አምስተኛው ቀለበት የሚለው ከዚህ ፕላን የወረሰው ቋንቋ ነው።

በ1957 ግንቡ ፈረሰ፤ በሮቹ ለመታሰቢያ ብቻ ቀሩ። ግንቡ በነበረበት መሥመር የመጀመሪያው የቀለበት መንገድና አረንጓዴ ቀበቶ ተዘረጋ። በዚያው ዓመት የተካሄደው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ 206,473 ነዋሪዎችን መዘገበ። በ1965 ቁጥሩ 467,339 ደረሰ። በስምንት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማደጉ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሆነውም ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ ሰው ነበር።

በእግር የምትዳረስ የነበረችው ከተማ አሁን በመኪና ብቻ የምትዳረስ ሆነች። ፕላኑ የታሰበው መኪና ላለው ቤተሰብ ነበር። መኪና ለሌለው ሠራተኛ ግን ከቤቱ እስከ ሥራው ያለው ርቀት የየዕለት ችግር ሆነ። የሕዝብ ትራንስፖርት ጥያቄ በኩዌት የተወለደው ከዚህ ነው።

ያለ ቁጥጥር የፈሰሰ ገንዘብ

የአሚሩ ትልቁ ፈተና ግን የፕላኑ ጥራት ሳይሆን የአፈጻጸሙ ሒሳብ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የልማት ሥራዎቹ አምስት ለሚሆኑ ታላላቅ የብሪታንያ ሥራ ተቋራጮች ተሰጡ፤ እያንዳንዳቸውም ከአንድ የአገሩ ነጋዴ ጋር ተጣመሩ። ውሉ የተመሠረተው በጨረታ አልነበረም። ተቋራጩ ያወጣው ወጪ ሁሉ ይተካለታል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ትርፍ ይታሰብለታል።

የዚህ ውል አደጋ ለማንም ግልጽ ነው። አንድን መንገድ በ100 ሺህ የሠራ 15 ሺህ ያተርፋል፤ ያንኑ መንገድ በ200 ሺህ የሠራ 30 ሺህ ያተርፋል። ቆጣቢው ይጎዳል፣ አባካኙ ይጠቀማል። ሥራውን እንዲቆጣጠሩ የተቀጠሩት ባለሙያ የልማት ኃላፊው ሜጀር ጄኔራል ሄስትድ ሲሆኑ፣ የሕዝብ ሥራዎችንና ማዘጋጃ ቤቱን የያዙት የአሚሩ ወንድም ሼክ ፋሃድ አል-ሳሊም ደግሞ የውጭ አማካሪዎች በሥራቸው መግባታቸውን አልወደዱም። በሁለቱ ወገን ፉክክር መካከል ገንዘቡ ይፈስስ ነበር፤ ሥራው ግን በዕቅዱ አልሄደም። ነጋዴዎችና ወጣት ምሁራን ብክነቱን በግልጽ መተቸት ጀመሩ።

ለአሚሩ ይህ የ1938ቱ ጥያቄ ተገልብጦ ወደ ራሳቸው መምጣት ነበር። በዚያን ጊዜ የገዢው ቤት ሒሳብ እንዲያቀርብ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን በስማቸው በሚመራው አስተዳደር ውስጥ ወንድማቸውና ዘመዶቻቸው መምሪያዎቹን እንደ ግል ግዛት ይዘዋቸዋል። ቤተሰባቸውን በአደባባይ መግጠም አልፈለጉም፤ ዝም ብሎ ማየትም አልሆነላቸውም። በ1954 አስተዳደሩን የሚያስተካክል ከፍተኛ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ተቋቋመ። የአምስቱ ተቋራጮች ልዩ መብት ቀረ፤ ሄስትድም ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ሥራን በጨረታ የመስጠት ልማድ እየሰፋ ሄደ።

ሁሉም ነገር ግን አልተስተካከለም። መንግሥት ለመንገድና ለሕንፃ የሚሆን ቦታ በአሮጌዋ ከተማ ሲገዛ ከገበያው እጅግ የላቀ ዋጋ ይከፍል ነበር። ዓላማው የነዳጁን ሀብት ለዜጎች ማካፈል ቢሆንም፣ የበለጠ የተጠቀሙት መሬት የነበራቸውና መንገዱ በየት እንደሚያልፍ አስቀድመው ያወቁ ሰዎች ሆኑ። የመንገድ ፕላን ራሱ የሀብት ማግኛ ሊሆን እንደሚችል ኩዌት የተማረችው ያኔ ነው። ሼክ አብዱላህ በደግነት ብቻ የሚመራ ገንዘብ የት እንደሚደርስ ያዩት በራሳቸው ዘመን ነው።

ሕግ የሆነው ልምድ

ጁን 19 ቀን 1961 የ1899ኙ ስምምነት ተሽሮ ኩዌት ነፃ መንግሥት ሆነች። ወዲያው ኢራቅ የይገባኛል ጥያቄ አነሣች፤ የትንሿ አገር ህልውና አደጋ ላይ ወደቀ። አሚሩ በዚህ ጭንቅ ጊዜ ሥልጣንን በእጃቸው ከማጥበቅ ይልቅ የሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ እንዲመረጥ አደረጉ። ጉባኤው በጃንዋሪ 1962 ሥራውን ሲጀምር ሰብሳቢው የ1938ቱ ምክር ቤት አባል የነበሩት አብዱልለጢፍ ሱነያን አል-ጋኒም ሆኑ። ከ24 ዓመት በፊት የተበተነው ጉባኤ ፕሬዚዳንት አሁን አሚር፣ አባሉም የሕገ መንግሥቱ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነው ተገናኙ። ኖቬምበር 11 ቀን 1962 ሼክ አብዱላህ ሕገ መንግሥቱን ጉባኤው እንዳቀረበላቸው አድርገው ፈረሙበት።

በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የሕይወታቸው ልምድ ይነበባል። አንቀጽ 17 የሕዝብ ንብረት የተከበረ መሆኑንና ጥበቃውም የዜጋ ሁሉ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 131 ሚኒስትር በሥልጣኑ ሳለ እንዳይነግድና ከመንግሥት ጋር በሚደረግ ውል ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። አንቀጽ 151 የመንግሥትን ገቢና ወጪ የሚመረምር፣ ነፃነቱ በሕግ የተጠበቀ፣ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ የሆነ የኦዲት ተቋም እንዲኖር ያዛል። አንቀጽ 152 ደግሞ የተፈጥሮ ሀብትንም ሆነ ለሕዝብ የሚሰጥን አገልግሎት ለማንም አሳልፎ መስጠት የሚቻለው በሕግ ብቻና ለተወሰነ ጊዜ እንደሆነ ይናገራል፤ አሰጣጡም ለሕዝብ በይፋ የሚገለጽና ውድድር ያለበት እንዲሆን ያስገድዳል። የ1938ቱ ምክር ቤት በጥቂት መሥመር የጻፈው፣ የ1950ዎቹም ብክነት በተግባር ያስተማረው ነገር እዚህ ጸና።

ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የዚህ ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው። የከተማ ትራንስፖርት ለሕዝብ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። አንድ ባለሥልጣን ለወዳጁ በቃል የሚሰጠው፣ አንድ ነጋዴም ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ርስት መሆን የለበትም።

በዚያው በ1962 የኩዌት ትራንስፖርት ኩባንያ በአሚሩ ድንጋጌ ተቋቋመ። ዛሬ የኩዌት የሕዝብ ትራንስፖርት ኩባንያ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ተቋም በአክሲዮን ማኅበርነት ተጀምሮ በኋላ የመንግሥት ንብረት ሆነ። በዚህ መንገድ የተበታተነው የከተማ ጉዞ ሒሳቡ የሚመረመር፣ መሥመሩና ታሪፉ የሚታወቅ ሥራ ወደ መሆን አመራ። ከ2000 ወዲህ የግል ኩባንያዎች ፈቃድ አግኝተው በዚያው መንገድ ላይ ሲሰማሩ፣ በአንድ ፌርማታ ላይ የተለያየ ቀለም ያላቸው አውቶቡሶች መቆም ጀመሩ።

የመጀመሪያው ብሔራዊ ምክር ቤት በጃንዋሪ 1963 ተመረጠ። በ1964 ሁለት ሕጎች ተከታትለው ወጡ። ሕግ ቁጥር 30 የኦዲት መሥሪያ ቤቱን አቋቋመ፤ 100 ሺህ ዲናርና ከዚያ በላይ የሆኑ የግዥና የሕዝብ ሥራ ጨረታዎች ከመጽደቃቸው በፊት በዚህ መሥሪያ ቤት እንዲታዩ አደረገ። ሕግ ቁጥር 37 የመንግሥትን ጨረታዎች በአንድ ቦታ የሚመራ ማእከላዊ የጨረታዎች ኮሚቴ ፈጠረ። ወጪውን ተክቶ 15 በመቶ ከሚያክልበት ውል እስከነዚህ ሁለት ሕጎች ያለው ርቀት ከአሥር ዓመት ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነው።

የነዳጁ ሀብት ከድንበሩ ውጭም ወጣ። በ1961 መጨረሻ ለዐረብ አገሮች ልማት ብድር የሚሰጥ የኩዌት ፈንድ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ብድሩ ለሱዳን የባቡር ሐዲድ የዋለ ነበር። ፈንዱ በ1970ዎቹ በሩን ለሌሎች ታዳጊ አገሮች ከከፈተ ወዲህ በኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ የዋለ ብድር ሰጥቷል። በብድር የሚሠራ መንገድም ሆነ ባቡር የቁጥጥር ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከወጪው 85 በመቶ ያህሉ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው ቲኬት ደግሞ በዝቅተኛ ታሪፍ የተተመነ ነው። ባለነዳጇም ሆነ ባለብድሯ ከተማ የምትጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ቲኬቱ የማይሸፍነውን ወጪ ማን ይከፍላል፣ ከፋዩስ ሒሳቡን ያያል ወይ የሚል።

የመጨረሻው ፈተና

ሕግ የሚፈተነው የጻፈውን ሰው በሚነካ ጊዜ ነው። በ1964 መጨረሻ የተሾመው አዲስ ካቢኔ ነጋዴዎችን ያካተተ በመሆኑ፣ ብዙ የምክር ቤቱ አባላት አንቀጽ 131ን ጠቅሰው ተቃወሙት። መንግሥት የሚሰጠውን ውል የሚወስኑት ሰዎች ውሉን የሚጠቀሙት መሆን የለባቸውም የሚል ነበር ክርክራቸው። ካቢኔውን የመሠረቱት አልጋ ወራሹና የአሚሩ ወንድም ሼክ ሳባህ አል-ሳሊም ነበሩ። አሚሩ ምክር ቤቱን የመበተን ሥልጣን ነበራቸው፤ በ1938 ሼክ አሕመድ ያደረጉት ይኸው ነበር። እሳቸው ግን አልበተኑትም። ካቢኔው ለቀቀ፤ በ1965 መጀመሪያ በሌላ ተተካ።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የምክር ቤቱን አዲስ የሥራ ዘመን ለመክፈት በተገኙበት ጊዜ ሕመም ጣላቸው። ኖቬምበር 24 ቀን 1965 በ70 ዓመታቸው አረፉ። ወንድማቸው ሼክ ሳባህ አል-ሳሊም ተተኩ።

ከዚያ ወዲህ የኩዌት ፖለቲካ ብዙ ተለዋውጧል፤ ምክር ቤቱ የታገደባቸው ዘመናትም ነበሩ። የሼክ አብዱላህ ሥርዓትም ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የመምረጥ መብት ያኔ የወንዶች ዜጎች ብቻ ነበር፤ ሴቶች መብቱን ያገኙት በ2005 ነው። ከተማዋን በእጃቸው የሠሩትና አውቶቡሱን የሞሉት የውጭ ሠራተኞች በምክር ቤቱ ድምፅ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ድምፅ ለሌለው ሰው ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ሕግ ነው። ባለሥልጣኑን የሚያውቅ ሰው አቤቱታውን በቤቱ ያደርሳል፤ ባለመኪናውም መንገዱን ለውጦ ይሄዳል። ማንንም የማያውቀው፣ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሠራተኛ ግን መተማመኛው አውቶቡሱ በሕግ የቆመ፣ ሒሳቡም የተመረመረ መሆኑ ብቻ ነው።

ዛሬ ከመጀመሪያው የቀለበት መንገድ ባሻገር በስማቸው የተሰየመው የአብዱላህ አል-ሳሊም ሰፈር አለ። ከዚያ ሰፈር ብዙ ሳይርቁ የሚያልፉት የቀለበት መንገዶች ጠዋትና ማታ በመኪና ይጨናነቃሉ። መፍትሔ ይሆናል ተብሎ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 69 ጣቢያዎች ያሉት ሜትሮ በመንግሥትና በግል ባለሀብቶች ሽርክና እንዲሠራ ለብዙ ዓመታት ሲታቀድ ቆይቷል። መስኮቱ በተሠራ ጊዜ ሁሉ የሚነሣው ጥያቄ ግን የድሮው ነው፤ ወጪው ከየት ይመጣል፣ መብቱ ለማንና ለስንት ዓመት ይሰጣል፣ ማንስ ይመረምረዋል። ሼክ አብዱላህ አል-ሳሊም ለዚህ ጥያቄ መልሱን በመንገዱ አስፋልት ሳይሆን በሕጉ አንቀጾች ትተውት ሄደዋል።